«ላኩልሽ እኮ!» «አልደረሰኝም!»

ዛሬ የማወጋችሁ የፍቅር ጣጣ አይደለም። «ታዲያ ሁለት ሰው የሚያኳርፍ፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ስልክ ላይ ሲያስፈጥጥ የሚያሳድር ነገር ከፍቅር ሌላ ምን አለ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! አፕ አለ። ገንዘብ የምንልክበት፣ ታክሲ የምንጠራበት፣ ይኼ ኪሳችን ውስጥ ያለው አፕ። እኔን ከአንደኛ ክፍል ጓደኛዬ ጋር ያኳረፈኝ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮልፌ አጣና ተራ አካባቢ አሥራ ሁለት የምንሆን የሰፈር ልጆች ዕቁብ አለን። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሺህ ብር እንጥላለን። ጸሐፊያችን ይህችው ጓደኛዬ ናት፤ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ጫማ ትሸጣለች። ድሮ ብሩን በእጃችን ስንሰጣት ጣቷን በምራቋ እያራሰች ትቆጥርና ደብተሯ ላይ አንዲት ጭረት ታደርግ ነበር። ጭረቷ ካለች አለቀ፣ ጭቅጭቅ የለም። ኋላ ግን ሁላችንም ሠለጠንና በስልክ መላክ ጀመርን።

ያን ቅዳሜ ዕጣው የወጣው አጣና ለሚነግድ ልጅ ነበር። አንድ አይሱዙ ሙሉ አጣና አስጭኖ አስመጥቶ ሾፌሩ «ብሬን ሳልቀበል አላራግፍም» ብሎ መንገድ ዘግቶ ቆሟል። ዝናቡ ይወርዳል። መብራት ጠፍቷል። ጸሐፊያችን ደወለች፤ «የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ቶሎ በይ እንጂ!»

አፑን ከፈትኩ፣ ቁጥሯን አስገባሁ፣ 2,000 ብዬ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ያቺ ክብ መሽከርከር ጀመረች። መቼም ያቺን ክብ የማያውቃት የለም። ትዞራለች… ትዞራለች… ትዞራለች። ስልኬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ፣ ወደ ላይ አነሳሁት፣ በረንዳ ወጣሁ። በመጨረሻ «ጥያቄዎን ማስተናገድ አልተቻለም፣ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» አለኝ። «እባክዎ» ካለኝማ ብዬ እንደገና ሞከርኩ። አሁንም ዞራ ዞራ ያንኑ አለችኝ። ተስፋ ቆርጬ ስልኩን ሳስቀምጥ ጢት አለ፤ ከሂሳብዎ 2,000 ብር ተቀንሷል። ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ጢት! ሌላ 2,000 ብር ተቀንሷል። እናንተዬ፣ ሂሳቤ ላይ የቀረኝ 310 ብር ነበር። ሰኞ ደግሞ የቤት ኪራይ አለብኝ።

«ላኩልሽ እኮ! እንዲያውም ሁለቴ ነው የላኩት!»

«አልደረሰኝም።»

የደረሰኝን መልእክት ስክሪንሾት አድርጌ ላኩላት። ትንሽ ዝም አለችና «እታለም፣ ስክሪንሾት እኮ አሁን አሁን ማንም ይሠራዋል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የተባባልነውን እዚህ አልጽፈውም፤ ጋዜጣው ለልጆችም እጅ ይገባል። ብቻ ምን አለፋችሁ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ሰዎች በአንዲት ክብ ምክንያት ሌባና ፖሊስ ሆንን። እሷም ወዳ አይደለም፤ ከወር በፊት አንዱ ዘናጭ በሐሰተኛ የስልክ መልእክት «ከፍያለሁ» ብሎ ሁለት ጫማ ይዞባት ሄዷል። ይህን የማያውቅ ባለሱቅ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የጎደለውን ሁለት ሺህ ብር ከራሷ ሞልታ ለባለ ዕጣው ሰጠች፤ አጣናው ተራገፈ፤ እኔ ግን በሰፈሩ «ዕቁብ በላ» ተብዬ አደርኩ።

ሰኞ ጠዋት ባንኩ ቅርንጫፍ ሄድኩ። የትኛው ባንክ እንደሆነ አልነግራችሁም፤ የእናንተም ሊሆን ይችላል። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ «እህቴ፣ ሲስተሙ ምንም ችግር የለበትም፣ እኛ ጋ ሁሉም ይሠራል» አለችኝ። አልዋሸችም። እሷ ጋ ሁሉም ይሠራል። እኔ ጋ ግን አራት ሺህ ብር የለም፣ ጓደኛም የለም። ይህን «እኛ ጋ ይሠራል» የሚሉትን ነገር ለብዙ ቀን ሳብላላው ከረምኩ።

የሚያስረዳኝ ያገኘሁት እዚያው ሰፈሬ ነው። ጎረቤታችን ያለ አንድ ልጅ ቦሌ አካባቢ ባለ ትንሽ ድርጅት ውስጥ አፕ ይሠራል፤ ባለሱቆች ዕቃ የሚያዙበት ነው፣ ከባንኩ ጋር አይገናኝም። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ስለዚህ እሱ እንዳስረዳኝ ሳይሆን እኔ እንደገባኝ ነው የምነግራችሁ።

«ላክ» ስትሉ፣ አለኝ፣ ከስልካችሁ አንድ መልእክተኛ ይነሳል። ከአጣና ተራ ታክሲ ይሳፈራል እንበል። መርካቶ ወርዶ ሌላ ይይዛል፣ ፒያሳ ይወርዳል፣ ደግሞ ሌላ… መጀመሪያ የስልኩ ኔትወርክ፣ ቀጥሎ የእኔ ባንክ ሰርቨር፣ ቀጥሎ ሁለቱን ባንኮች የሚያገናኘው መስመር፣ ከዚያ የእሷ ባንክ። መልሱን ይዞ በዚያው መንገድ ይመለሳል። የእኔ መልእክተኛ ሄዷል፣ ብሩንም አስቆርጧል። መልሱን ይዞ ሲመጣ ነው መንገድ ላይ የቀረው። ስልኬ ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው «አልተቻለም» አለ። እኔ ደግሞ ሁለተኛ መልእክተኛ ላኩ።

«ታዲያ ሁለተኛውን ለምን አይመልሱትም?» አልኩት።

«የሠሩት ሰዎች ካሰቡበት ይመልሱታል» አለኝ። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ስልኩ አንድ የማይደገም ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ያው ሆኖ ድጋሚ ከመጣ ሰርቨሩ «ይቺን ቅድም ፈጽሜያታለሁ» ብሎ የመጀመሪያውን መልስ ብቻ ይሰጣል። አዲስ ቆረጣ የለም። እንዲህ ቀላል ነው! እኔ ያን ያህል ብር አጥቼ ዘጠኝ ቀን የተብሰለሰልኩት ለዚህ ነበር።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ የእሱን አፕ የሚጠብቅበትን ገጽ አሳየኝ። የሐኪም ቤት የልብ ምት ማሳያ ይመስላል፤ መስመሮች ከፍ ዝቅ ይላሉ። አፑ እየሠራ ሳለ እነሱ ቁጭ ብለው ያዳምጡታል ማለት ነው። ጎግል ውስጥ የሚሠሩ መሐንዲሶች በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ አራት ነገር ጠብቁ ብለዋል አለኝ፤ መልሱ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ስንት ሰው እየጠየቀ ነው፣ ስንቱ ጥያቄ ይከሽፋል፣ ማሽኑስ ምን ያህል ሞልቶበታል። በየፌርማታው ደግሞ ተራ አስከባሪ ቆሞ መልእክተኛው የገባበትን የወጣበትን ደቂቃ ይመዘግባል፤ አንድ ትእዛዝ ሲዘገይ መርካቶ ላይ ይሁን ፒያሳ ላይ የተገተረው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ የእኔ ብር እንዴት ጠፋ?»

ሳቀብኝ። እስክሪብቶ አነሳና ካርቶን ላይ ጻፈልኝ። መቶ ሰው ብር ላከ እንበል። ዘጠና አምስቱ በአንድ ሰከንድ መልስ አገኙ፤ አምስቱ አርባ አርባ ሰከንድ ጠበቁ። አማካዩ ስንት ነው? 2.95 ሰከንድ። አለቃው ወረቀቱን ያያል፣ «ከሦስት ሰከንድ በታች! ጎበዞች!» ይላል፣ ሻይ ይጠጣል። አምስቱስ? አምስቱ በረንዳ ላይ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። ስለዚህ የገባቸው ሰዎች አማካይ አይጠይቁም፤ «ከመቶው ዘጠና አምስተኛው ሰው ስንት ጠበቀ? ዘጠና ዘጠነኛውስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ወረፋውን ከጅራቱ ነው የሚያዩት።

ከዚህም የባሰ አለ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ደጁ የደረሰውን ብቻ ነው። ኔትወርክ ጠፍቶበት መንገድ የቀረውን ማን ይቆጥረዋል? እሱ መዝገብ ላይ የለም፤ ጭራሽ አልመጣም። ስለዚህ የባንኩ ስክሪን ላይ ያን ቅዳሜ ማታ መስመሩ ደልዳላ ሆኖ ቢታይ አይገርምም። መቁጠሪያው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ስልኩ ውስጥም መሆን አለበት፤ «ጣቷ ከነካበት መልሱን እስካየችበት» ድረስ። ኔትወርክ ሲመለስ ስልኩ የቆጠረውን ይልካል። (የይለፍ ቁጥራችሁንና የላካችሁለትን ሰው ስም ግን መላክ የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና «ለቁጥጥር ነው» ብሎ ሁሉን መቃረም ቀርቷል።)

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገርና ለባለሙያዎቹም ትንሽ አዘንኩላቸው። ይህ የእኛ ሀገር ጣጣ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች በጥቅምት 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የሚባለውን የጤና መድን መመዝገቢያ ሲከፍቱ ሚሊዮኖች ተንጋግተው ገቡበት፤ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የጨረሰው ግን ስድስት ሰው ነበር። ስድስት! ሊታደጉት የመጡት ባለሙያዎች መጀመሪያ «ሁኔታውን የምናይበት ገጽ የታለ?» ቢሉ የለም። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ነገር የልብ ምት ማዳመጫ አልነበረውም። ያንን ከተከሉ በኋላ ነው የቱ ጋ እንደሚታነቅ እያዩ ማቃናት የጀመሩት።

የእኛውንም አንርሳ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ማን ይረሳል? ሰው ሂሳቡ ላይ የሌለውን ብር ሲያወጣና ሲልክ አደረ፤ ዩኒቨርሲቲ ጊቢዎች ውስጥ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደወጣበት ገልጾ አብዛኛውን አስመልሷል። የሳይበር ጥቃትም አልነበረም ተባለ፤ የራሱ የውስጥ ችግር ነው። ይህን ያነሳሁት ለነቀፋ አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ ያለኝ ነገር ስለገረመኝ ነው፤ «ያን ሌሊት ማሽኑ እምቢ አላለም እኮ! ‹ይሠራል ወይ?› ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ‹አዎ ይሠራል› ነው የሚባለው። ‹በትክክል ይሠራል ወይ?› ማለት ሌላ ጥያቄ ነው።» ለካ ሁለት ጥያቄ ነው!

ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። ልጁ ይህን ሁሉ ሲያስተምረኝ አመሸና «የእኔ አፕ ግን እንዲህ አይደለም፣ በሁለት ሰከንድ ይከፈታል» ብሎ ተኮፈሰ። እናቱ ቡና እያፈሉ ይሰማሉ። እትዬ ሳቅ አሉና «እስቲ በእኔ ስልክ አሳያት» አሉት። የእሳቸው ስልክ አምስት ዓመት የሆናት፣ ፊቷ የተሰነጠቀ ቴክኖ ናት። በዚህች ሀገር ቴክኖ ያልያዘ ማን አለ፤ ድርጅቱ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ ስልክ ይገጣጥማል። ልጁ አፑን ጫነላት፤ መጫኑ ራሱ ቡናው እስኪወጣ ፈጀ። ከፈተው። ክቧ መዞር ጀመረች። እኔ በሰዓቴ እቆጥራለሁ… አምስት… አሥር… አሥራ አምስት… አሥራ ዘጠኝ!

አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ለምን ብዙ እንደሆነ ልንገራችሁ። ጄኮብ ኒልሰን የሚባል ዴንማርካዊ ባለሙያ በ1993 እ.ኤ.አ. የጻፈውን እስከዛሬ ሰው ይጠቅሰዋል። መልስ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ከመጣ ወዲያው የመጣ ይመስለናል፤ እስከ አንድ ሰከንድ ሐሳባችን አይቋረጥም፤ አሥር ሰከንድ ካለፈ ግን ልባችን ሌላ ቦታ ይሄዳል። አንድሮይድ ራሱ ስክሪኑ ተነክቶ አፑ አምስት ሰከንድ ዝም ካለ «ምላሽ አይሰጥም» ብሎ ይመዘግበዋል። ጎግል ደግሞ ይህ በቀን ከተጠቃሚው 0.47 በመቶ በላይ ከደረሰበት፣ ወይም አፑ ድንገት መዘጋቱ 1.09 በመቶ ካለፈ፣ ያን አፕ በመደብሩ ውስጥ ወደ ኋላ ሊገፋው ይችላል። ያዘኑለትን አፕ አይደለም፣ የቆጠሩትን ነው የሚቀጡት።

ልጁ ያን ማታ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሳ። ለካ ድርጅቱ ውስጥ አፑን የሚሞክሩት በአዲስ ስልክ፣ በቢሮ ዋይፋይ ነው። ጅራቱ ላይ ያሉት ዘገምተኛ ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ ነበሩ እኮ! ግን «ኔትወርክ ነው፣ የእኛ ችግር አይደለም» ብለው ያልፏቸው ነበር። ስልኮቹን በዓይነትና በአካባቢ ለይተው ሲያዩ አሮጌ ስልክ የያዘውና ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለው ደንበኛቸው ግማሽ መንገድ ላይ አፑን ዘግቶ ይወጣል። የሚወጣው ማን ነው? ባለሱቅ። አፑ የተሠራው ለማን ነው? ለባለሱቅ! መጀመሪያው ገጽ ላይ አንዳንዳቸው ሦስት ሜጋ የሚያህሉ ፎቶዎች ተደርድረው ነበር። አሳነሷቸው፤ ገጹ ሳይሞላ በፊት የዕቃው ስምና ዋጋ እንዲመጣ አደረጉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በእትዬ ስልክ አራት ሰከንድ ሆነ። «ገና ነው» ይላል ልጁ። የእናቱን ስልክም ለሙከራ ቢሮ ይዞት ሄዶ ለእሳቸው ሌላ ገዝቶላቸዋል፤ እሳቸው ግን «የድሮዋ ትሻለኝ ነበር» እያሉ ነው።

አሁን ለእናንተ። እኔ ከደረሰብኝ ተነስቼ ነውና የምመክራችሁ አትቆጡኝ። ክቧ ስትዞርባችሁና «አልተቻለም» ስትላችሁ ሁለተኛ አትጫኑ! መጀመሪያ ሂሳባችሁን እዩ፣ የተላከውን ዝርዝር እዩ፤ ከዚያ ነው ሌላው። የግብይት ቁጥሩን ያዙ፤ ክርክሩን የሚፈታው እሱ ነው እንጂ ስክሪንሾት አይደለም። ተቀባይ የሆናችሁ ደግሞ የሰው ስልክ አትዩ፣ የራሳችሁን ሂሳብ እዩ፤ ሰውየውን «ሌባ» ከማለታችሁ በፊትም ትንሽ ታገሱ፣ ብሩ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

አቤቱታ ስትሉ ደግሞ «አፓችሁ አይረባም» ብላችሁ አትዝጉት። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር፣ ማንም አልሰማኝም። በሦስተኛው ቀን ልጁ እንደመከረኝ «ቅዳሜ ማታ ከ12 ሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከሩብ፣ ኮልፌ አጣና ተራ፣ ስልኬ ይህ፣ ኔትወርኬ ይህ፣ የግብይት ቁጥሮቼ እነዚህ» ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ዓይኗ ተከፈተ፤ ወረቀቱን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ሰዓትና ቁጥር ሲኖር እነሱም መዝገባቸው ውስጥ የሚፈልጉትን ያውቃሉ። «ሲስተም እያስተካከልን ነው፣ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» ብሎ የሚደውልላችሁን ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጉበት፤ እሱ አጭበርባሪ ነው።

አፕ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተም ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ከቢሮ ውጡ። በዝናብ ቀን አጣና ተራ ኑ። ወይም አየር ጤና፣ ወይም አስኮ። ታክሲ ውስጥ ተጋፍታችሁ፣ በአንድ እጃችሁ ብረቱን ይዛችሁ በአውራ ጣታችሁ ብር ላኩበት። «እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» የሚለውንም አውጡልን! ብሬ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም? ካላወቃችሁ «ገና እያጣራን ነው፣ ድጋሚ አይላኩ» በሉን። እውነት ከነገሩት ሰው ይታገሣል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር መጣ፣ ነሐሴ 2015 ላይ ኤምፔሳ ተጨመረ፣ ባንኮቹም ሁሉ አፕ አላቸው፤ ከሚያዝያ 2015 ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ እንኳ የሚከፈለው በስልክ ሆኗል። የሚመለስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ያቺ ክብ የቅንጦት ጉዳይ መሆኗ ቀርቷል።

ብሬስ? አንዱ ሁለት ሺህ ማክሰኞ ለጓደኛዬ ደረሳት። ሁለተኛው በዘጠነኛው ቀን ወደ እኔ ተመለሰ፤ እስከዚያ ኪራዬን የከፈለልኝ ወንድሜ ነው። ጓደኛዬ ማክሰኞ ማታ አልደወለችም። ረቡዕም አልደወለች። ዕቁብ ቀን ሲደርስ እኔው እግሬን አንስቼ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሱቋ ሄድኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ በርጩማ ገፋ አደረገችልኝ። ምንም አልተባባልንም። ስልኬን አውጥቼ 2,000 ብዬ ላክሁ። ክቧ መዞር ጀመረች።

ስልኬን ጫማ ሣጥን ላይ አስቀመጥኩትና እጄን አጣጠፍኩ። እሷም የራሷን ስልክ አጠገቡ አስቀመጠች። ሁለታችንም አፍጥጠን ቆየን። አንዲት ሴትዮ ገብታ የሕፃን ጫማ ዋጋ ጠየቀች፤ ማንም አልመለሰላትም።

ጢት አለ።

«ደረሰ» አለችኝ። ደብተሯን አውጥታ ጭረቷን አደረገች፣ ሴትዮዋንም «ቁጥር ስንት ነበር ያልሽኝ እናቴ?» አለቻት።